ባዶ ቋጠሮ

ሶልያና የራሷን ፊት ከመታጠቧ በፊት የበሬውን መስኮት ታጥባለች። ለብ ያለ ውኃ፣ ቁንጥር ጨው፣ ንጹሕ ጨርቅ። መስኮቱ በበሬዋ በወይኖ ግራ ጎን፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ጀርባ ነው፤ ክንድ የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ፣ ጥቁር ክዳን ያለው። ዙሪያውን መግሉን ትጠርጋለች፣ ዝንቡን ታባርራለች፣ ክዳኑን ግን አታነሳም። ክዳኑን የሚያነሳው መዛኙ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሽታው እህል አላስቀምስ ብሏት ነበር፤ አሁን በአንድ እጇ ጨርቁን፣ በሌላው ቂጣዋን ይዛ ነው የምታጥበው።

በጅሩ፣ በጎሽ ውኃ መንደር መስኮት የሌለው በሬ የለም። ድሮ የጅሩ ሰው በሬውን ከእርሻ አሰናብቶ፣ ቤት አስገብቶ፣ በእጁ እያጎረሰ ያሰባ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ውሉን ሳተ። ስንዴውም ምስሩም እምቢ ሲል ድርቅ የማይፈራው ጓያ ብቻውን ቀረ፤ ሰውም ጓያ፣ ከብትም ጓያ መብላት ጀመረ። አንድ እህል ለሁለት ሆድ ሲሆን ማን ምን ያህል እንደሚያባክን መለካት ግድ ሆነ። መለካቱም የተጀመረው አፍ ከሌለው ከበሬው ነው።

ልኬት ቤት የሚባለው መሥሪያ ቤት ለየበሬው የተፈጨ ጓያ ይሰፍራል። በየወሩም መዛኝ ይልካል። መዛኙ ከዚያው ዱቄት ጥቂት ቆንጥሮ በስስ ነጭ ከረጢት ያስርና በመስኮቱ በኩል ጨጓራው ውስጥ ይከተዋል። ከረጢቱ አድሮ ይወጣል። ጨጓራው የጓያውን ፕሮቲን ሰባብሮ በግሳት አየር ላይ ከበተነው በሬው «ሰባሪ» ይባላል። ሳይሰብር ወደ አንጀቱ ካሳለፈው ግን ሥጋ ይሆናልና «አሳላፊ» ነው። ቃሎቹን ያወጣው ልኬት ቤት ነው፤ መንደሩ ግን ወዲያው ወደ ሰው አዞራቸው። ልጆች ሲጣሉ «አንተ ሰባሪ!» ይባባላሉ። አሳላፊ ማለት ድሮ በሰርግ ቤት ጠላ የሚቀዳ ሰው እንደነበር የሚያስታውሱት እንደ ሶልያና ያሉት አሮጊቶች ናቸው። ሰርጉም ጠላውም ከቀረ ቆይቷል።

በተከታታይ ሁለቴ ሰባሪ የተባለ በሬ ይወሰዳል። ባለቤቱም አብሮ ይሄዳል፤ ከብት የሌለው ሰው ገጠር ምን ያደርጋል ተብሎ ወደ ግንቦቹ ይጫናል። ግንቦቹ ከከተማው ዳር የተኮለኮሉ ረጃጅም ሕንፃዎች ናቸው። እዚያ የገባ ሰው ሞተ ተብሎ አይለቀስም፤ ተመልሶ የመጣም የለም። ወይኖ ባለፈው ልኬት ሰባሪ ተብሏል። አሁን አንድ ልኬት ቀርቶታል፤ ለሶልያናም እንደዚያው።

የሚወሰደው በሬ ቀለብ ለቀሩት ይከፋፈላል። ስለዚህ ጎሽ ውኃ ውስጥ ሰው የሰውን በሬ ክፉ ነገር ሳይመኝ አያድርም። «እንዴት አደርሽ» የሚለው ሰላምታ ቀርቶ «በሬሽ እንዴት አደረ» ሆኗል፤ የሚጠይቀው ሰው የሚጠብቀው መልስ ደግሞ ደህና አደረ የሚለው አይደለም። የአጥር ጎረቤቷ ሄመን ጠዋት ጠዋት ይህንኑ ትጠይቃታለች። ሶልያና «ተመስገን» ትላለች። ሄመን ከንፈሯን ትመጥጥና ወደ ቤቷ ትገባለች። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ዓመት የተዳሩ፣ ልጅ ሲወልዱ የተራረሱ ናቸው።

የመንደሩ መዛኝ ናሆም ነው። ናሆም የሟች ባሏ የባሮክ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዋ ነው። እሷ ስትዳር እሱ ገና አፍንጫው ያልተጠረገለት ልጅ ነበር፤ ከእሷ መሶብ በልቶ ነው ያደገው። ባሮክ ከሞተ ወዲህ ግን ግቢው የአባቴ ነው፣ ድርሻዬን ቁረጪልኝ አለ። እሷ ባሌን የቀበርኩት ከዚህ ቤት ነው፣ እኔም የምወጣው እንደሱ ነው አለች። ሽማግሌ ገባ፣ ሽማግሌ ወጣ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል፤ ናሆም ግን ዘመዱን ትቶ ልኬት ቤት ተቀጠረ። የወይኖን ጎን የቀደደውም እሱ ነው። ያን ዕለት ሶልያና የበሬውን ቀንድ ይዛ ቆማ ነበር፤ እሱ ሲቀድም፣ ሲሰፋም፣ እጁን ሲታጠብም ቀና ብሎ አላያትም።

በልኬቱ ቀን መጣ። ድሮ «እትዬ» ይላት ነበር።

«ወይዘሮ ሶልያና፣ በሬውን ያዙልኝ።»

ያዘች። ክዳኑን ከፈተ፤ ጀርባውን ሰጥቷት ስለቆመ የምታየው የትከሻውን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ክንዱን እስከ ብብቱ አስገባ። ወይኖ አንዴ አቃሰተና ማመስኳቱን ቀጠለ። ናሆም ከረጢቱን አስቀምጦ ክንዱን አወጣ፤ ፈርሱን በጨርቅ እየጠረገ አዲስ መመሪያ መጥቷል አላት። የመዛኝ እጥረት ስላለ ከዛሬ ጀምሮ ከረጢቱን የሚያወጣው ባለቤቱ ራሱ ነው። ነገ በዚሁ ሰዓት ጣቷን ክዳኑ ላይ ስታሳርፍ ይከፈትላታል። ውኃው እስኪጠራ ከረጢቱን አጥባ የልኬት ቤት ጣቢያ ታመጣለታለች።

«ሳጥበው የምጠነቀቀው ነገር አለ?» አለችው።

«ማጠብ ብቻ ነው። የሚፈርደው ጣቢያ ያለው ማሽን ነው።»

«አንተስ?»

«እኔ መዛኝ ነኝ።»

ባሮክ ይህን ባየ ብላ ጀመረች፤ አላስጨረሳትም። ባሮክ ሰባሪ በሬ ጥሎልዎት ሄደ፣ ወቀሳ ካለዎት ለእሱ ነው አላት፤ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ሄመን በር ዞረ። ሶልያና የበሬውን ቀንድ እንደያዘች ቀረች። ስድብ ቢሆን ኖሮ መልስ ነበራት። ሙት ላይ የተጣለ ነገር ግን ምን ይመለሳል? ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

ያን ቀን ወይኖን ከወትሮው በላይ አጫወተችው። ቀለቡን በጭብጧ እያፈሰች አጎረሰችው፤ በየጉርሻው መሐል ጠባዩን አሳምር፣ አትስበር፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ ሆድህን ያዝ እያለች መከረችው። ጓያ ሰውን ሽባ እንደሚያደርግ የጅሩ ሰው ከጥንት ያውቃል፤ ጓያ ሰበረው ይባላል። ሰውን የሚሰብር እህል በሬ ሰበረው ተብሎ ቤት ሲፈርስ ማየት ለእሷ ቀልድ ነበር፤ የሚስቅ ጠፋ እንጂ። ወይኖ ምላሱን እያወጣ መዳፏን ላሰና ተኛ።

በማግስቱ ሰዓቱ ሲደርስ ጣቷን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። ክዳኑ ተከፈተ፤ ጠርዙ ላይ ቀይ መብራት በራ።

ሶልያና ጣቷን ከክዳኑ ሳበች። ቀይ በመንደሩ የታወቀ ነው፤ በሬው ሊወሰድ የተወሰነበት ቤት በር ላይ የሚበራው ቀይ ነው። ይሄኛው ቀይ ግን ክዳኑ ክፍት ነው ማለት ብቻ ነበር፤ ክዳን በተከፈተ ቁጥር ይበራል፤ ናሆም በጀርባው ሲጋርደው ኖሮ ከእሱ በቀር ያየው ሰው የለም። ይህን የነገራትም የለም። ተፈርዶብኛል ብላ ቆመች። ከዚያ ክንዷን አስገብታ በሞቀው ፈርስ ውስጥ ስትዳብስ ከረጢቱን አገኘችና ሳበችው።

ባዶ ነበር። በቀዝቃዛ ውኃ አጠበችው፤ ውኃው ሲጠራ ከስፌቱ ጋር የተጣበቀ ትንሽ ብናኝ ብቻ ቀረ። ወይኖ ያለውን ሁሉ ሰባብሮታል። መጀመሪያ ሰደበችው፤ ሆዳም፣ አደራ በላ፣ የሰው ቤት አፍራሽ አለችው። ከዚያ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። እንባዋ ሲያልቅ ፊቷን በቀሚሷ ጠርጋ ከረጢቱን ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

አሁን የቀራት መመለስ ብቻ ነው። ልኬት ቤት ያችን ጨርቅ «ናሙና መያዣ» ይላታል። የጎሽ ውኃ ሰው ግን ጨርቅ ላይ ታስሮ የሚሄድ እህል ሲያይ የሚያውቀው አንድ ቃል ነው፤ ቋጠሮ። ቋጠሮ ደግሞ ሥርዓት አለው። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ንፍሮ በሳህን የላከች ጎረቤት ሳህኗ ሲመለስ ምስርም ቢሆን፣ ሽንኩርትም ቢሆን፣ ከጠፋ ቁንጥር ጨውም ቢሆን ጣል ይደረግበታል። ባዶውን መመለስ ቤትሽ ባዶ ይሁን ማለት ነው። ሰዉ በተናከሰበት በዚህ ዘመን እንኳ ይቺ አልቀረችም ነበር፤ በትእዛዝ ስላልመጣች በትእዛዝ የሚያስረሳትም አልነበረም። ለጠላት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለወዳጅ ባዶ ብትመልስ ረስታ ነው ትባላለች፤ ለጠላት ባዶ ብትመልስ ረገመችኝ ይላል።

ሶልያና ናሆምን መርገም ፈልጋ ነበር። በልቧ ረግማዋለችም። እጇ ግን ከልቧ ጋር አልተማከረም። ወደ ጓዳ ገብታ ከሽሮ ዕቃዋ ዘግና ከረጢቱ ውስጥ ጣል አደረገች፤ የጓያ ሽሮ ነው፣ ሌላማ ከየት ይመጣል። እንደገና ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ተፈርዶ ያለቀ ነገር ነው፤ ሽሮው ምን ይለውጣል? ቤቷን ዘግታ ወጣች።

ጣቢያው በር ላይ የመንደሩ ሰው ተሰልፏል። ሁሉም ቋጠሮውን በጭብጡ ደብቆ መሬት መሬት ያያል። ሄመን ከፊቷ ነበረች፤ ዛሬ በሬሽ እንዴት አደረ ብላ አልጠየቀችም። ሶልያናም ደስ አላት፤ የምትመልሰው አልነበራትምና። ተራዋ ሲደርስ ቋጠሮውን በሁለት እጇ ለናሆም ሰጠችው።

«እንካ። ባዶውን አላመጣሁልህም» አለችው።

በሬዋ አለፈ ብላ የምትኩራራበት መስሎት ፊቱ ጠቆረ። ቋጠሮውን በመቆንጠጫ ተቀብሎ ሳይፈታው ማሽኑ አፍ ውስጥ ጣለው። ማሽኑ ያደርቃል፣ ይመዝናል፣ ያቃጥላል፤ ዓይን የለውም። ለማሽን እህል እህል ነው።

ሶልያና ቤቷ ተመልሳ ዕቃ መሸከፍ ጀመረች። ምን እንደሚያዝ ግን አታውቅም ነበር፤ ግንቦቹ ውስጥ ጓዳ ይኑር አይኑር የነገራት የለም። የባሮክን ጋቢ አጥፋ አስቀመጠች። መልሳ ዘረጋችው። በሦስተኛው ቀን የበሩ መብራት በራ፤ አረንጓዴ ነበር። ተሳስቶ ነው ብላ ደጅ ቆማ ብዙ አየችው። አጥሩን ተሻግራ ብታይ የሄመንም አረንጓዴ ነው። ከሄመን ማዶ ያለውም አረንጓዴ፣ ከታች ያለው የናሆምም በር አረንጓዴ። መንደሩ ሙሉ አሳላፊ ሆኖ አደረ።

ደስታ ነበር ለማለት ያስቸግራል። በጎሽ ውኃ ደስታ ማለት የሌላው በር ቀይ ሆኖ የራስ አረንጓዴ ሲሆን ነው። ሁሉም ሲያልፍ ማንም ያለፈ አልመሰለውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ ሰዉ እርስ በርሱ ዓይን መተያየት ፈራ፤ ለምን እንደፈራ ግን አንዱም ለሌላው አልነገረም።

በሳምንቱ ከልኬት ቤት ትልልቆቹ መጡ። መሪያቸው ዶክተር ኖላዊት የምትባል፣ በግንቦቹ ተወልዳ ያደገች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሰዉን ጣቢያው ግቢ ሰበሰበችና አመሰገነች። እንዲህ ያለ ውጤት በሀገሩ ታይቶ እንደማያውቅ፣ ከየጨጓራው የወጣው ከገባው እንደሚበልጥ፣ ማሽኑም ከሙሉ በላይ የሚል ቁጥር ስለሌለው ሁሉንም ሙሉ ብሎ እንደተዋቸው ነገረቻቸው። ምክንያቱን ወደፊት ያጠኑታል፤ ውኃው ይሆናል፣ ወይም አፈሩ። ለጊዜው ግን የሚሠራው ሥራ ግልጽ ነው አለች። ፕሮቲኑ የማይባክንበት በሬ ግማሽ ቀለብ ይበቃዋል። ከነገ ጀምሮ ለጎሽ ውኃ በሬ ሁሉ ግማሽ ይሰፈራል፤ የተረፈው ለሰባሪ መንደሮች ይሄዳል።

ሰዉ አጨበጨበ፤ ማጨብጨብ ስለለመደ ነው።

ሶልያና ሁለት ነገር አንድ ላይ ገባት። በግማሽ ቀለብ ወይኖ ክረምትን አያይም፤ ከእሱ ቀጥሎ የሌላውም ሁሉ። ሁለተኛው ደግሞ ሊያስቃት ደርሶ ነበር፤ ከገባው የበለጠ የወጣው ከእሷ ቋጠሮ ብቻ አልነበረም። ሁሉም ክዳኑን ሲከፍት ቀይ አይቶ ተፈርዶብኛል ብሏል። ሁሉም ባዶውን ጨርቅ ይዞ ጓዳ ገብቷል። ሄመንም፣ ከሄመን ማዶ ያሉትም፣ የናሆም ሚስትም። ቀና ብላ ሄመንን አየቻት። ሄመን መሬት አየች።

አረንጓዴ በር አላት፤ ዝም ብትል ማንም አይነካትም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ነገር ግን ሁሉም እውነቱን ቢናገር ልኬቱ እንዲሁ ስህተት ሆኖ ይቀራል፣ ቀለቡም አይቀነስም፣ በሬዎቹም ይተርፋሉ ብላ አሰበች። የሚያስፈልገው አንድ ጀማሪ ነው። ተነስታ ቆመች።

«ዶክተር፣ በሬዎቻችን እንደ ድሮው ናቸው። ቋጠሮው ባዶውን ነው የወጣው። እኔ ሽሮ ጨመርኩበት።»

ዶክተሯ አልተቆጣችም። «ለምን ጨመሩበት?» አለች።

«ባዶ ዕቃ አይመለስማ።»

«ማን ነው እንዲህ እንዲያደርጉ ያዘዘዎት?»

«እናቴ።»

«እናትዎ አሁን የት ናቸው?»

«ሞታለች።»

ዶክተሯ እንዳልገባት በፊቷ ያስታውቃል፤ በግንቦቹ ሳህን ከበር ወደ በር አይሄድም፣ እያንዳንዱ የራሱን ከግድግዳው ተቀብሎ ይበላል። ሶልያና ወደ ሰዉ ዞረች። ንገሯት እንጂ አለች፤ እኔ ብቻ ነኝ ወይ ያደረግሁት? ሄመንን በስሟ ጠራቻት። ሄመን የኔው እንደወጣ ነው የሰጠሁት ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ከደነች። ከኋላ ያሉት ሳሉ። አንዱ ሽማግሌ ውኃችን ጥሩ ነው አለ።

ዶክተሯ ሚዛናዊ ሴት ነበረች፤ ሳትሰማ አትፈርድም። የሀገሩ ልማድ ከሆነ ስህተቱ የእኛ ነው፣ መጠየቅ ነበረብን፤ ሁሉም እንደገና ይለካል፣ ማንም አይጠየቅም፣ ቀለቡም እንዳለ ይቆያል አለች። ልማድ ካልሆነ ግን የአንድ ሰው ማጭበርበር ነው። ከዚያ ወደ ናሆም ዞረች።

«አቶ ናሆም፣ እዚህ ተወልደው ያደጉት እርስዎ ነዎት። እንዲህ ያለ ልማድ አላችሁ?»

ሶልያና አየችው። ያንን ልጅ ስንቴ ሳህን አስይዛ ጎረቤት ልካዋለች፤ ስንቴስ ባዶውን ይዞ ሊሄድ ሲል ከበር መልሳ ጥራጥሬ በትናበታለች። ለሌላው ባይገባው ለእሱ ይገባዋል። በመካከላቸው ያለው ጠብ የግቢ ጠብ ነው፤ ይሄ ሌላ ነው ብላ አመነች፤ ከልቧ ነው ያመነችው። ናሆም ግን የሚያስበው ሌላ ነበር። ልማድ አለን ካለ የእሱም በሬ ዳግመኛ ይለካል፤ ሚስቱ ከረጢቱን ባዶውን እንዳወጣችው እያለቀሰች ነግራዋለች። የለንም ካለ ደግሞ የሚወሰድ አንድ በሬ ነው፣ የሚለቀቅ አንድ ግቢ ነው፤ ግቢው ደግሞ በሕጉ ለሥጋ ዘመድ ያልፋል።

«እንዲህ ያለ ልማድ የለንም» አለ።

ዶክተሯ ወደ ሰዉ ስትዞር ሰዉም አንገቱን ነቀነቀ። የለንም አሉ፤ መጀመሪያ ጥቂቶቹ፣ ከዚያ ሁሉም። ሶልያና ተናደደች ማለት ትንሽ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያበደችው እሷ ብቻ መሰላት። ልማዱ በእርግጥ ነበረ ወይስ እሷ ናት ስታልመው የኖረችው ብላ እንኳ ለአፍታ ተጠራጠረች።

ነገሩ በዚያው አለቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አለ ከኋላ አንዱ፤ እውነቱን ነው። ዳግመኛ መለካት አያስፈልግም ተባለ፤ ባለቤቷ ራሷ ባዶ ነበር ብላለች። የሌሎቹ ውጤት ጸና፤ ግማሹ ቀለብም ጸና። የበሯ መብራት እሷ ቤት ሳትደርስ ቀልቶ ጠበቃት።

በማግስቱ ሁለት መኪና መጣ፤ አንዱ ለበሬው፣ አንዱ ለእሷ። ናሆም ወይኖን በገመድ ሳበው። ወይኖ እግሩን ተክሎ እምቢ አለ፤ ገመድ አያውቅም፣ የሚሄደው እጅ ተከትሎ ነው። የልኬት ቤት ሰዎቹ ቆመው ያያሉ። ናሆም ከቀለቡ ዘገነና መዳፉን ዘረጋ። ወይኖ መዳፉን እየላሰ ተከተለው፤ ባሮክም እንደዚያ ነበር የሚያስኬደው። ሶልያና ማየት አልቻለችም፤ ፊቷን ወደ ቤት አዞረች። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማች።

ጓዳ ስትገባ የሄመን ሳህን ቁም ሳጥኑ ላይ አለ። ከልኬቱ በፊት ንፍሮ የላከችበት ነው። ሶልያና ቂም ይዛለች፤ ሳህኑን ወርውሮ መስበር ነበር የሚያሰኛት። ግን የሰው ዕቃ ይዞ መንገድ አይወጣም። የቀራትን ሽሮ እንዳለ ገለበጠችበትና ወደ ሄመን በር ሄደች። ሾፌሩና ሁለቱ የልኬት ቤት ሰዎች ከመንገድ ማዶ ሆነው ይመለከታሉ።

ሄመን በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። መጀመሪያ ሳህኑን አየች፣ ከዚያ ሰዎቹን።

«ባዶውን ስጪኝ» አለች በቀስታ።

«ሄመን፣ ሽሮ ነው።»

«እንዲህ ያለ ልማድ የለንም» አለች ሄመን፤ ይህን ያለችው ጮክ ብላ ነው።

ሳህኑን ከእጇ ተቀበለች። ሽሮውን ደጁ ላይ ደፋችው፤ የሳህኑን ቂጥ መታ መታ አድርጋ እስኪጠራ አራገፈችው፤ ባዶውን ከፍ አድርጋ ለሰዎቹ አሳየችና ገብታ በሩን ዘጋች። ከውስጥ ስታለቅስ ይሰማል። የታሰረ በሬዋም ሽታው ደርሶት ይጮኻል።

ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። ሶልያና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እህሉን እንዳትረግጥ በዳር በኩል ዞራ ወደ መኪናው ሄደች።